የማይቆጠረው ጥሪ

ሸጊቱ ዳባት ያለውን ቤቷን ለእኅቷ ልጅ አደራ ብላ፣ አንድ ጉዝጓዝ፣ ሁለት ድስትና ዳዊቷን ይዛ ደባርቅ የገባችው በ1978 ዓ.ም. መስከረም ማለቂያ ላይ ነው። ለጠየቃት ሁሉ፣ «ለጉልበቴ ብዬ ነው፤ አየር ለውጪ ብለውኛል» ትል ነበር። ጉልበቱን ያመመው ሰው ከዳባት ብርድ ወደ ደባርቅ ብርድ ሲሸሽ አይቶ የሚያውቅ ስለሌለ ማንም አላመናትም። ደግሞም ምክንያቱን አገር ያውቀዋል። ከከተማው በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ራዳር ተተክሏል፤ የልጅ ልጇ ዕፀገነት የራዳሩ መሐንዲስ ሆና ተመድባለች፤ ሸጊቱም ኮረብታው ከሚታይበት ቤት በቀር አልከራይም ብላ ሦስት ቀን ሙሉ ደባርቅን ስትዞር ከርማለች።

ዕፀገነትን ያሳደገች እሷ ናት። እናትየዋ በወሊድ ሞተች። አባትየው ገሠሠ፣ የሸጊቱ አንድ ልጅ፣ በ1969 ወደ አስመራ ዘመተና በዚያው ቀረ። ሞተ የሚል ወረቀት አልመጣ፤ አየሁት የሚል ሰው አልመጣ። ከዚያ ወዲህ ሸጊቱ ቤት የዚያ ከተማ ስም አይነሣም፤ ሬዲዮ ካነሣው ሬዲዮው ይዘጋል። ልጅቱ በትምህርቷ ገፍታ ኪየቭ ድረስ ሄዳ ስድስት ዓመት ስትቀመጥ አያቷ በየወሩ ትጽፍላት ነበር። እስከ አራተኛ ክፍል ስለተማረች ጽሕፈቷ ደህና ነው። ደብዳቤው ግን ሁልጊዜ አንድ ነበር፦ በልተሻል ወይ፣ ለብሰሻል ወይ፣ በረዶ ላይ አትሩጪ።

ራዳሩ ወታደሮች ሲገለገሉበት ኖረው የተዉት አሮጌ መሣሪያ ነው። በጭነት መኪና ላይ የተሠራ የብረት ክፍል፣ ከክፍሉ አናት የሚዞር ትልቅ የሽቦ ወንፊት፣ ከጎን የሚያጓራ ጄኔሬተር፤ ይኸው ነው። ሥራው፣ ከጎንደር ወደ አክሱም የሚያልፉ አውሮፕላኖች በደመና ውስጥ ከስሜን ገደሎች እንዳይላተሙ ከምድር ሆኖ ማየት ነበር። ሸጊቱ ይህንን ስትሰማ መጀመሪያ የጠየቀችው፣ «አውሮፕላኑን የሚያይ ሰውስ ብርድ እንዳይመታው ማን ያየዋል?» ብላ ነው።

በየቅዳሜው ኮረብታውን ትወጣለች። በሩ ላይ የሚያገኛት ጥበቃው ሻረው ነው፤ ድሮ ሳንቃ በር የፓርክ ስካውት ነበር፣ እንደሷው የጃናሞራ ሰው።

«እማማ ሸጊቱ፣ ዛሬስ ምን ጭነው መጡ?»

«ሹራብ ነው።»

«ያለፈው ቅዳሜም ሹራብ ነበር።»

«ያለፈው እጁ አጥሯል።»

«በዚህ ከቀጠሉ ራዳሩንም ያለብሱታል።»

«ቢለብስ ምን አለበት? እሱም ብርድ ላይ ነው የቆመ።»

ከበሩ ወዲያ ሲሆን ግን ሸጊቱ ቀልድ አታውቅም። የራዳር ጨረር ማኅፀን ያደርቃል ሲባል ገበያ ላይ ሰምታለች። ስለዚህ ወንፊቱ ወደ እሷ በዞረ ቁጥር ነጠላዋን ሆዷ ላይ ታጥፋለች፤ ስልሳ አራት ዓመቷ ነው። ዕፀገነትን ካገኘች ደግሞ ክንዷን ይዛ ከመሣሪያው ጀርባ ታቆማታለች።

«እምዬ፣ ጨረሩ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ እኛ ጋ አይደርስም» ትላለች ዕፀገነት።

«ይሁን። አንቺ ግን ከጀርባው ሁኚ።»

ኅዳር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ ሸጊቱ ስትደርስ ዕፀገነት አልተቀበለቻትም። የብረት ክፍሉ ውስጥ ገብታ፣ ዙሪያውን አረንጓዴ ብርሃን የሚዞርበት ክብ መስተዋት ፊት ቁጭ ብላለች። አጠገቧ ዋሴ ቆሟል። ዋሴ ፀጉሩ የሸበተ ቴክኒሻን ነው፤ መሣሪያው ከመርከብ ከወረደበት ቀን ጀምሮ ያልተለየው፣ ከሚስቱ ይልቅ የማሠራጫውን ጠባይ አውቃለሁ የሚል ሰው።

«ምን ሆናችሁ? ለቅሶ ቤት አስመሰላችሁት» አለች ሸጊቱ።

«ተራራው ይሄዳል» አላት ዋሴ።

ሸጊቱ በበሩ ዘወር ብላ ተራራውን አየችው። «ኧረ ቆሟል።»

«በኛ መስተዋት ላይ ይሄዳል እምዬ» አለች ዕፀገነት፤ ድካም ቢኖርባትም ፈገግ አለች። «የሳንቃ በር ገደል በሙሉ ተነሥቶ ይሄዳል።»

«እኔ የሰማሁት፣ ሰውና ሰው ይገናኛል እንጂ ተራራና ተራራ አይገናኝም ሲባል ነው።»

«የኛዎቹ በደቂቃ ሦስት ጊዜ ይሳሳማሉ» አለ ዋሴ።

ሸጊቱ የሚያስጨንቃትን ነገር እስኪገባት መጠየቅ ልማዷ ነው፤ ካልገባት ደግሞ ይብስባታል። ዕፀገነትም ይህንን ጠባይ ስለምታውቅ በርጩማ ሰጥታ አስቀመጠቻትና ማስረዳት ጀመረች።

«ሊማሊሞን የሚወጣ የጭነት መኪና ጡሩምባውን እየነፋ ሲመጣ ድምፁ ይቀጥናል፤ አልፎሽ ሲሄድ ይወፍራል። ሰምተሽው የለም?»

«ሰምቼዋለሁ። ሾፌሩ የሚያደርገው ይመስለኝ ነበር።»

«አይደለም፤ መምጣቱና መሄዱ ነው የሚያደርገው። ይህም መሣሪያ እንደዚያ ነው የሚለይ። የሬዲዮ ምት ይልካል፤ ምቱ ነገር መትቶ ይመለሳል። የሚመጣ ነገር ምቱን ቀጠን፣ የሚሄድ ደግሞ ወፈር አድርጎ ይመልሰዋል፤ ዶፕለር ይሉታል። የቆመ ነገር ግን እንዳለ ይመልሰዋል። ስለዚህ አንዱን መልስ ከሌላው ስንቀንስ ተራራው ይጠፋል፤ አውሮፕላኑ ብቻ ይቀራል።»

«የሚሄድ ሁሉ ይታየዋል ማለት ነው?»

«ወደኛ የሚመጣውና ከኛ የሚርቀው ብቻ። በፊታችን አቋርጦ የሚያልፈው፣ ለዚያች ለሚያቋርጥባት ጊዜ፣ ለመሣሪያው እንደቆመ ነው።»

«እንግዲያው እንደኔ ነው» አለች ሸጊቱ። «እኔም የምቆጥረው ማን መጣ፣ ማን ሄደ ነው። ታዲያ ጥፋቱ ምንድን ነው?»

ዕፀገነት ዋሴን አየችው። ዋሴም አሁን ጥፋቱ ወደኔ ሊመጣ ነው እንደሚል ሰው ጣራውን አየ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ዕፀገነት። «ምቶቹ እኩል እኩል ሲሄዱ፣ በአንዳንድ ፍጥነት የሚበር አውሮፕላን ይሰወርብናል። በሁለት ምት መካከል የሚራመደው እርምጃ ከምቱ ሞገድ ጋር ልክ ስለሚገጥም መልሱ አይለወጥም፤ እንደቆመ ይመስላል። እሱን ለማስቀረት እኔ አካሄዱን ለወጥኩት። አንዱ ክፍተት አጭር፣ ቀጣዩ ረጅም፣ እንደገና አጭር፣ ረጅም።»

«እንደ አንካሳ በቅሎ።»

«አዎ። በመጽሐፍ ላይ ትክክል ነው። በመጽሐፍ ላይ ግን ምቱን የሚልከው ማሠራጫ አይደክምም። የኛው ይደክማል። ከአጭር ዕረፍት በኋላ የሚያወጣው ምትና ከረጅም ዕረፍት በኋላ የሚያወጣው አንድ አይሆኑም። የላክነው ሲለያይ የሚመለሰውም ይለያያል። መሣሪያው ደግሞ የተለየውን ሁሉ የሄደ ይመስለዋል።»

«ለማሠራጫው አዲስ አምፖል ጠይቀን ነበር» አለ ዋሴ፣ ታማሚውን እንደሚያስታምም ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ሁለት ዓመት ሆነው። ይኸ ማሠራጫ አርጅቷል፤ ያረጀ ደግሞ በልኩ ካላሠሩት ይናደዳል።»

«አውቃለሁ» አለች ሸጊቱ። ከዚያ የመጣችበትን ሹራብ ከቅርጫት እያወጣች፣ «ባይስተካከልስ ምን ይመጣል?» ብላ ጠየቀች። ነገሩን እንዲሁ ለወግ ነበር ያለችው። ዕፀገነትና ዋሴ ተያዩ። ያን ጊዜ እጇ ቆመ። «ገነቴ፣ ባይስተካከልስ?»

«ምንም አይደል እምዬ።»

«ጋሼ ዋሴ፣ አንተ ንገረኝ።»

ዋሴ መዋሸት የማይሆንለት ሰው ነበር። «የፊታችን ሐሙስ ኮሚቴ ይመጣል። አውሮፕላን ያስበርሩና ያዩናል። እዚህ ተራራ አስቸግሮት አልሠራ ካለ፣ መሣሪያው ሜዳ አገር ይሂድ ተብሏል።»

«የት?»

«አስመራ።»

«መሣሪያው ብቻ?»

«መሣሪያውና የሚያውቀው ሰው።»

ሸጊቱ ሹራቡን አራገፈችና በዕፀገነት ራስ ላይ አጠለቀችላት፤ ሃያ ሰባት ዓመት የሞላትን መሐንዲስ እንደ ሕፃን እጇን አንድ በአንድ በእጅጌው አወጣችላት። ዕፀገነትም ሳትከለክላት ለበሰችው። እጁ ያጠረውን ሹራብ ዋሴ ወሰደው።

ስትወርድ መንገድ ላይ ሁለት ጊዜ ተቀመጠች። ለኪዳነ ምሕረት ጃንጥላ ተሳለች። ጥቂት ወረድ ብላ ደግሞ ጃንጥላው ቢያንስስ ብላ ጧፍ ጨመረችበት። ከዚያ ሌላ ብልሃት ታሰባት ጀመር፤ ከጤና ጣቢያ «ይህች ልጅ ሳንባዋ ደካማ ነው» የሚል ወረቀት ብታወጣስ? የኮሚቴው ሰብሳቢ እግር ላይ ብትወድቅስ? መኪናው ሲጫን ከፊቱ ብትተኛስ? ይህ የመጨረሻው ብዙ ቆየባት፤ የት ቦታ ላይ እንደምትተኛ ሁሉ መረጠች፤ ከወፍጮ ቤቱ ማዶ፣ መንገዱ ከሚጠብበት ላይ። ሰኞ ዕለት ቦታውን አይታ መጣች።

ማክሰኞ ጧት ጉም ነበር። ቅዳሜ አይደለም፤ ግን ሸጊቱ በሶዋን ቋጥራ ወጣች። ኮረብታው አናት ስትደርስ ሻረው በሩ ላይ የለም። ከብረት ክፍሉ ኋላ ገደሉ አፋፍ ላይ ከዋሴ ጋር ቆሞ ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ አየችው።

«ምንድን ነው?»

የሁለቱም ዓይን ወደ ጉሙ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕፀገነት ከገደሉ ማዶ ባለው ሽንተረር ላይ የቆርቆሮ ማዕዘን ልታቆም ሄዳለች። ቆርቆሮው የላኩትን ምት ደህና አድርጎ ስለሚመልስ መሣሪያውን ለመፈተን ይጠቅማል። ሻረው ተሸክሞላት ሄደ፤ ማሰሪያ ሽቦ ረስተው ኖሮ ሊያመጣ ተመለሰ። እሱ እዚህ ሲደርስ ጉሙ ወርዶ ማዶውን ዋጠው። ሽንተረሩ በሁለት ወገን ገደል ነው። ዘንግ የምታህል መንገድ ነች ያለችው።

«ልተኩስ ነው» አለ ሻረው። «በድምፁ ትመጣለች።»

«ብትተኩስ ደባርቅ ያለ ሚሊሺያ ሁሉ ወዲህ ይወጣል» አለ ዋሴ።

«ጥይት አይሆንም» አለች ሸጊቱ። ፊቷ አመድ መስሏል፤ ድምጿ ግን ትእዛዝ ሆኗል። «ጥይት አንዴ ይላል፤ ገደሉ ደግሞ ከአራት ማዕዘን ይመልሰዋል። ወዲያ ይሂዱ ወዲህ አያስታውቅም። ዞር በሉልኝ። ያን ሞተር አጥፉት።»

ዋሴ ሮጦ ጄኔሬተሩን አጠፋው። ሸጊቱ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረች፣ አፋፉ ላይ ቆመች፣ እጆቿን በአፏ ዙሪያ አደረገች፣ ጠራችም። ድምጿ ተሰነጠቀ፤ እንደ አሮጌ በር ሆነ። ሻረው ደንገጥ ብሎ አያት። እሷ ግን አላፈረችም፣ አልደገመችም። ገደል ማሚቶው ዞሮ ዞሮ እስኪያልቅ ቆመች። ቀጥላ ሦስት ጊዜ ጠራች። «ገነቴ ሆይ።» ዝም። «ገነቴ ሆይ።» ዝም። «ገነቴ ሆይ።» በየመካከሉ ያለው ዝምታ እኩል ነበር። ሦስቱም ድምፆች እንደ አንድ እናት ልጆች ይመሳሰሉ ነበር።

አረፈች። እንደገና ጀመረች፤ አንዱን የተሰነጠቀ፣ ሦስቱን የጠራ። ሻረው የአገሩን ጥሪ አወቀና ቆቡን አወለቀ።

በአምስተኛው ዙር ከጉሙ ውስጥ ቀጭን ድምፅ መጣ። ሸጊቱ ቀስ ብላ ቁጭ አለች። አንድ እጇን መሬት ላይ አድርጋ፣ መጥራቷን ግን አላቋረጠችም፤ ቁጭ ብላ ጠራች። ብዙም ሳይቆይ ዕፀገነት በጭቃ ጫማ፣ ጉም ፀጉሯ ላይ ነጥቦ፣ ከሽንተረሩ ወጣች።

ሸጊቱ መጀመሪያ አቀፈቻት፣ ቀጥላ በጡጫ ትከሻዋን መታቻት፣ ቀጥላ በሶውን ፈታች። «ብይ።»

«እምዬ፣ ደህና ነኝ እኮ።»

«ደህና መሆንሽን እያየሁ ነው። ብይ አልኩሽ።»

ዕፀገነት በበሶ በተሞላ አፏ ሳቀች። ከዚያ ጠየቀቻት። «የመጀመሪያውን ለምን እንደዚያ ጠራሽው? ሌላ ሰው የጠራ ነው የመሰለኝ።»

«እሱ አይቆጠርም።»

«እንዴት አይቆጠርም?»

«ጉሮሮ መጥረጊያ ነው። ጃናሞራ ጎረቤትሽ ከገደሉ ማዶ ያለ ሰው ነው፤ ከደጅሽ ሆነሽ ታይዋለሽ፣ በእግር ግን ግማሽ ቀን ነው። ስለዚህ ወሬ በጥሪ ነው የሚሄድ። ሦስት ጥሪ ና ማለት ነው፣ አራት ጥሪ ደግሞ ሰው ሞተ ማለት ነው። ከሁሉ በፊት ያለውን አንዱን ግን ማንም አይቆጥረውም። ጉሮሮሽ ቀዝቃዛ ነው፣ ድምፅሽ ገና አልተስተካከለም፤ ገደሉም ገና ድምፅሽን አልለመደውም። መልእክት አይጫንበትም።»

«የማያውቅ ሰው ቢቆጥረውስ?»

«ቆጥሯል እንጂ» አለች ሸጊቱ፤ በዚያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷ ፈታ አለ። «አያትሽ የዳባት ሰው አይደል? አባትሽ ሲወለድ እኔ አባቴ ቤት ነበርኩ፣ እሱ ከማዶ አጎቴ ዘንድ ነበር። ወንድሜ ወጣና ጠራው፤ አንድ ለጉሮሮ፣ ሦስት ለና። የኔ ባል አራት ብሎ ቆጠረ። ግማሽ ቀን ሙሉ እያለቀሰ መጣ። ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ደረቱን እየመታ ገባ፤ እኛ ገንፎ እየበላን ነው። እኔን በሕይወት ሲያየኝ ደግሞ ተቆጣኝ።»

ሻረው ሳቁን መቆጣጠር አቅቶት ወደ በሩ ሄደ። ዕፀገነትም እስክታነባ ሳቀች። ዓይኗን እየጠረገች ሳለ ግን ሳቁ ከፊቷ ቀረ።

«ሦስቱን እኩል እኩል የጠራሽውስ ለምንድን ነው?»

«ትንፋሽ እኩል ካልሆነ ድምፅ እኩል አይሆንም። አንዱን ባጣድፈው ይሰበራል፤ የሰማው ሰው ሁለት ሰው የጠራ ይመስለዋል።»

«እውነት ነው» አለች ዕፀገነት፣ ቀስ ብላ። «ድምፅሽ ስላልተለወጠ አንዱን ወዲህ ዞሬ፣ አንዱን ወዲያ ዞሬ ሰማሁት። ልዩነቱ ከኔ መዞር የመጣ እንጂ ካንቺ እንዳልሆነ አወቅኩ። አንቺንና ገደሉን የለየሁ በዚያ ነው።» በሶውን መሬት ላይ አስቀመጠችው። «እምዬ፣ ለየሰዉ ጥሪው አንድ ነው?»

«አይ፤ አካሄዱ ይለያል። ለአጎቴ ቤት ዘገም ያለ፣ ለወፍጮው ቤት ፈጠን ያለ። ማን እንደተጠራ በዚያ ይታወቃል።»

«ከአንዱ ወደ ሌላው ስታልፊስ?»

«ከመጀመሪያው ነዋ። አዲስ አካሄድ አዲስ ትንፋሽ ነው። አንዱን ትጥይና በአዲሱ እኩል እኩል ትጠሪያለሽ። ምነው? በሶውን ጉንዳን በላው።»

ዕፀገነት ግን ተነሥታለች። «ጋሼ ዋሴ» አለች፣ ወደ ብረት ክፍሉ እየሄደች። «አጭር ረጅሙን እንተወው። ስምንት ምት በአንድ ዓይነት ክፍተት እንላክ፤ ቀጥሎ ስምንት በሌላ ክፍተት፤ እንደገና ስምንት። በስምንቱ ውስጥ ክፍተቱ አይለወጥም፣ ማሠራጫውም አይናደድም። አንዱ ቡድን የሰወረውን አውሮፕላን ሌላው ያሳየናል።»

«ሲለወጥስ? ከአንዱ ቡድን ወደ ሌላው ስናልፍ መጀመሪያ የሚወጣው የተበላሸ ነው።»

«እሱን አንቆጥረውም። ከየስምንቱ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እንጥላለን።»

ዋሴ ልቡን እንደተወጋ ሰው ቆመ። «ሁለት? ከስምንት? እኔ ይህንን ማሠራጫ አንዲት ምት እንዳታመልጠው ስንት ዓመት ሳስታምም፣ አንቺ ሩብ ጉልበቱን ገደል ልትጥይው?»

«ሩቅ የምናየው ይቀንሳል። አውቃለሁ። ግን የምናየው እውነት ይሆናል።»

ዋሴ ማሠራጫውን አየ፣ ሸጊቱን አየ። «አንዱን ብቻ ብንጥልስ?»

«እኔ እንኳ አንዱን ነው የምጥለው» አለች ሸጊቱ ከበሩ። «እሱ ግን ከኔ ይልቅ ደክሟል አላልክም?»

ሁለት ቀን ሙሉ ሠሩ። ዕፀገነት፣ እሷና ዋሴ በእጃቸው በበየዱት፣ የተመለሰውን ምት እያስታወሰ በሚቀንስ ሣጥን ላይ ጎንበስ እንዳለች ሸጊቱ ሦስት ጊዜ ምግብ ይዛ ወጣች፤ ሦስቱንም ጊዜ «ቆይ» ተባለች። ረቡዕ ከቀትር በኋላ ዋሴ በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጠራት። ገብታ አየች። ክቡ መስተዋት ላይ አረንጓዴው ብርሃን ይዞራል፤ የሳንቃ በር ገደል የነበረበት ቦታ ባዶ ነው።

«የት ሄደ?» አለች።

«የትም አልሄደ» አለ ዋሴ። «አሁን ገና ቆመ።»

ሐሙስ ኮሚቴው መጣ፤ ሦስት ሰዎች ናቸው። ሰብሳቢው ጓድ ሀብተ ሚካኤል ሰማያዊ የካኪ ልብስ የለበሱ፣ መነጽራቸውን ቶሎ ቶሎ የሚጠርጉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ። የብረት ክፍሉ ጠባብ ስለሆነ ሸጊቱ ውጭ፣ ከጄኔሬተሩ ራቅ ብላ፣ በተገለበጠ ሣጥን ላይ ለልጅቱ ያመጣችውን ጋቢ ከጎኗ አድርጋ፣ መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀመጠች። ሻረው አጠገቧ ቆመ። ደመናው ዝቅ ብሎ አውሮፕላን ቀርቶ ቁራ አይታይም።

«እማማ፣ መቁጠሪያዎን ሊበጥሱት ነው» አላት።

«ዝም በል። ስማ።»

ከደቡብ፣ ከዳባት በኩል፣ የሞተር ድምፅ መጣ። በደመናው ውስጥ ጎላ አለ፣ ቀረበ፣ ከዚያ በፊታቸው ከቀኝ ወደ ግራ፣ የገደሉን ጫፍ ይዞ ማለፍ ጀመረ። የክፍሉ በር ተከፈተና ጓድ ሀብተ ሚካኤል መነጽራቸውን እየጠረጉ ወጡ። ወደ ደመናው አንጋጠጡ። ዕፀገነት ከኋላቸው አልወጣችም። ከውስጥ ከኮሚቴው አንዱ፣ «ታይቶ ነበር፤ ጠፋ። ይኸው ድምፁ ይሰማል፣ መስተዋቱ ላይ ግን የለም» ሲል ተሰማ።

አስመራ የሚለው ስም ከዘጠኝ ዓመቱ ዝምታ ተነሥቶ ሸጊቱ ጆሮ ላይ ቆመ። ግን ጆሮዋ ሌላም ነገር ይሰማ ነበር። ድምፁ አይቀጥንም፣ አይወፍርም፤ ልክ እንዳለ ከቀኝ ወደ ግራ ይሄዳል።

«አቋርጦ እየሄደ እኮ ነው» አለች።

ጓድ ሀብተ ሚካኤል ዞር አሉ። «ምን አሉ እናቴ?»

«መሣሪያው የሚመጣና የሚሄድ ብቻ ነው የሚያይ። ይኸ አሁን አይመጣ፣ አይሄድ። እስኪዞር ይቆዩት ጌታዬ።» ከዚያ ፈራች። ከሣጥኑ ተነሥታ እጅ ነሣች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ። የልጅቱ አያት ነኝ።»

ሰውየው ጥቂት አዩአት። «ልጅቱም አሁን ይህንኑ ነገረችኝ» አሉ። «እሷ ግን በሰሌዳ ነው ያስረዳችኝ።» አልገቡም፤ ከሸጊቱ ጎን ቆመው ማዳመጥ ጀመሩ።

ድምፁ ወደ ሊማሊሞ ራቀ። ሸጊቱ ዓይኗን ጨፈነች። በልቧ የማታውቀውን አውሮፕላን ነጂ ትለምነው ነበር፤ ዙር አባቴ፣ ቤትህ ወዲህ ነው፣ ዙር። ሞተሩ አጓራ፣ ተጎተተ፣ ከዚያም እንደ መኪናው ጡሩምባ ቀጠን ብሎ ወደነሱ መምጣት ጀመረ። ሸጊቱ ዓይኗን ሳትገልጥ ጓድ ሀብተ ሚካኤልን ክንዳቸውን ያዘቻቸው።

ዋሴ እጁ ያጠረውን ሹራብ እንደለበሰ በበሩ ብቅ አለ። «መጣ» አለ። «ብቻውን ነው። ተራራው የለም።»

ሰብሳቢው ገቡ። ሦስት ጊዜ አስዞሩት፤ ሦስቱንም ጊዜ ሲመጣ ታየ፣ ሲያቋርጥ ተሰወረ፣ ሲሄድ ታየ። ሲወጡ ደብተራቸውን ይዘው ነበር።

«የሩቅ እይታችሁ ቀንሷል» አሏት ዕፀገነትን።

«አዎ ጓድ። ከስምንት ሁለቱን እንጥላለን።»

«ለምን?»

ዕፀገነት መልሷን እስክታስተካክል ዋሴ ቀደማት። «ለጉሮሮ ነው ጓድ።»

ሰውየው አልሳቁም፤ ግን አልተቆጡም። ጥቂት ጻፉ። «አዲስ አምፖል ሲመጣስ?»

«ያን ጊዜ አንዱን ብቻ እንጥል ይሆናል» አለች ዕፀገነት። «አዲሱም ቢሆን እንደ መጽሐፉ አይሆንም። ማሠራጫው የሚችለውን አይተን ነው ምቱን የምንሰፋለት።»

«መልካም። እስከ ክረምት መግቢያ እዚሁ ይቆይ። ሰኔ ላይ እንደገና እናየዋለን።» ወደ ሸጊቱ ዞሩና ጎንበስ ብለው ተሰናበቱ። «እርስዎም ይቆዩ፤ ጆሮዎ ያስፈልገናል።»

መኪናቸው ከወረደ በኋላ ዕፀገነት መጥታ ሣጥኑ ላይ ከአያቷ ጎን ተጠግታ ተቀመጠች። ራሷን ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገች።

«እስከ ሰኔ» አለች ዕፀገነት።

«ሰባት ወር ነው። ቆጥሬዋለሁ።» ሸጊቱ የልጅቱን ጣቶች ወሰደችና በመዳፏ ታሽ ጀመር። «በሰባት ወር ብዙ ነገር ይሆናል። አምፖሉ ይመጣ ይሆናል። አንቺም ሰው ታገኚ ይሆናል።»

«እምዬ።»

«ምን አልኩ? ይሆናል ነው ያልኩ። ያ ጨረር ሳይሆን ብርዱ ነው የሚያሳስበኝ አሁን። እጅሽ እንዴት በረደ።»

ሸጊቱ መንገድ ጀመረች። ከኮረብታው ግርጌ፣ መንገዱ ወደ ከተማው ከሚታጠፍበት፣ ዞር ብላ ሽቅብ አየች። የብረት ክፍሉ ከደመናው ሥር የክብሪት ቀፎ ታህላለች። እጆቿን በአፏ ዙሪያ አድርጋ ጠራች፤ ተሰነጠቀ፤ ተወችው። ሦስቱን እኩል እኩል ላከቻቸው።

ከላይ መልስ መጣ። የመጀመሪያው እንደ ጥጃ ድምፅ ነበር፤ ልጅቱ ከዚህ በፊት በዚህ ሥርዓት ጠርታ አታውቅምና። ሸጊቱ አልቆጠረችውም። ቀጥሎ አንድ አለች፤ ሁለት አለች፤ ሦስት አለች።

ሦስት ና ማለት ነው። ሸጊቱ ቆማ አሰበች። ልጅቱ ለሰላምታ ብላ ይሆናል፤ ጥሪውን ገና አልለመደችውም። ወይም ደግሞ የሆነችው ነገር ይኖር ይሆናል። ያን ያህል አቀበት እንደገና መውጣት ለዚህ ጉልበት አይሆንም። ጋቢውን ግን ሣጥኑ ላይ ረስታዋለች፤ ልጅቱም ሳትለብሰው ነው የምትውል። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሠረችና ሽቅብ ተመለሰች።